ቤት ያፈራው ማዕድ
በሙቀት አገር ቀላልና ጤናማ ምግብ ስለ ማዘጋጀት

ካርቲየ 4 በጅቡቲ ከተማ ከሚገኙት የቆዩ የሕዝብ ሰፈሮች አንዱ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ሱማሌው፥ አፋሩ፥ ከየመን የመጣውና ከኢትዮጵያ የመጣው ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፥ ረፋድ ላይ ከየደጁ የሚወጣው የምግብ ሽታ ልዩ ልዩ ነው። በአንዱ ቤት ለሆህ ይጋገራል፤ በሁለተኛው ሩዝ ከበግ ሥጋ ጋር ይበስላል፤ በሦስተኛው ሽንኩርት ተቁላልቶ የሽሮ ወጥ ይንተከተካል። ከኢትዮጵያ በመጣው ሰው ቤት እንግዳ በገባ ጊዜ የሚባለው ቃል የታወቀ ነው፤ ይኸውም «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» የሚለው ነው። ይህን ቃል ብዙዎች ለትሕትና ብቻ የሚነገር አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን ቤት ያፈራው ምግብ በዕውቀትና በጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ዳር ከሚገዛው ይልቅ ለጤናም ለኪስም የሚሻል ስለ ሆነ የሚያኰራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ይሁን እንጂ በባሕር ዳር ቆላ የሚኖር ሰው በደጋ አገር ልማድ ብቻ ሊያበስል አይችልም። በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ሳይበላሽ የሚያድር ወጥ፥ በካርቲየ 4 ቀትር ላይ ወጥቶ ማታ ሳይደርስ ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው ሕፃኑ ነው፤ ቀጥሎም ነፍሰ ጡሯና ሽማግሌው ናቸው። አንድ ጊዜ የተነሣ ተቅማጥ የአንድ ወር የሕፃን ዕድገት ሊያስቀር፥ በቶሎ ካልታከመም ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ምን እንደሚገዛ፥ እንዴት እንደሚበስልና እንደሚጠበቅ፥ እንዲሁም የዓመት በዓልና የእንግዳ ጣፋጭ ጤናን ሳይጐዳ እንዴት እንደሚቀርብ ከዚህ በታች በተራ ይገለጻል።

፩ኛ/ ምግቡ ከወዴት ይመጣል?

በጅቡቲ ሊታረስ የሚችለው ምድር ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የከተማው የዓመት ዝናብም ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በአምቡሊ ወንዝ ዳር የአትክልት ሥፍራዎች ቢኖሩም ለከተማው ሕዝብ አይበቁም። ስለዚህ ከሚበላው የሚበዛው ወይ በመርከብ ከባሕር ማዶ፥ ወይም በየብስ ከኢትዮጵያ ይመጣል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የሁለቱ አገሮች ጓዳ የተያያዘ ሆኗል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2018 የንግድ ሥራውን ጀምሯል።

ከሩቅ የመጣ ነገር የማጓጓዣው ዋጋ አብሮት ይመጣል፤ ሙቀት ሲያበላሸው ደግሞ ገንዘቡም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ብልህ የቤት እመቤት ግዢዋን በሦስት ትከፍላለች። በወር አንድ ጊዜ የሚገዛው ደረቁ ነው፤ ይኸውም ምስር፥ የአተር ክክ፥ ሽምብራ፥ ባቄላ፥ ማሽላና ሩዝ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገዛው ጥቂት ቀን የሚታገሠው ነው፤ ይኸውም ሽንኩርት፥ ድንች፥ ዱባ፥ ካሮትና ሎሚ ነው። በየቀኑ የሚገዛው ግን ዓሣ፥ ሥጋ፥ ወተትና ቅጠላ ቅጠል ነው። ከዚህ ከሦስተኛው ክፍል ለዛሬ ከሚበላው አብልጦ መግዛት ለነገ መጣል ነው።

ደረቁ እህልም ቢሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል። የባሕር ዳር አየር እርጥበት ስላለው፥ ለውዝ፥ በርበሬና በቆሎ በከረጢት ተከፍተው ከተቀመጡ ይሻግታሉ። ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል፥ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በማብሰል አይጠፋም። የሻገተውን ለውዝ ለቅሞ፥ የሻገተውን በርበሬ በፀሐይ አድርቆ መብላት ቁጠባ ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን ለሕመም ገንዘብ ማበደር ነው። እህሉ በሚገባ ደርቆ፥ ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ፥ ከምድጃው ርቆ በጥላ ይቀመጥ።

፪ኛ/ እህልና ጥራጥሬ ሲጋቡ

የሰው አካል የሚታነጽበት ፕሮቲን የሚባለው ነገር የሚገኘው በሥጋ፥ በዓሣ፥ በእንቁላልና በወተት ብቻ አይደለም። ጥራጥሬም ብዙ አለው፤ ከደረቅ ምስር ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እህል ብቻውን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህን በብዛት ይዞ ሌላው ያንሰዋል። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላዋል። እንጀራ በሽሮ፥ ለሆህ በምስር፥ ዳቦ በፉል፥ ሩዝ በባቄላ የሚበላው ሁሉ አባቶችና እናቶች ሳይንሱን በስሙ ሳይጠሩት በልማድ የደረሱበት ጥበብ ነው።

ለአምስት ሰው የሚበቃ የምስር ወጥ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። 400 ግራም ክክ ምስር ተለቅሞ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ፥ ክዳን ባለው ድስት በለስላሳ እሳት ያለ ዘይት ይቁላላል፤ እንዳያርም ጠብ ጠብ እየተደረገ ውኃ ይጨመርበታል። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና አራት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ገብቶ ጥቂት ይታመሳል። ከዚህ በኋላ ሁለት የተከተፈ ቲማቲም፥ ምስሩና አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበስላል። ጨው በመጨረሻ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይገባል። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨመቅበታል። ይህ ማዕድ ለአምስቱ ሰዎች በጠቅላላው ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ዋጋውም ከሥጋ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ሽምብራና ባቄላ በላምባ ምድጃ ላይ ረጅም ሰዓት ስለሚፈጁ አስቀድመው ሊዘፈዘፉ ይገባል። ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ፈጥኖ ስለሚበስል ላምባም ገንዘብም ይተርፋል። ነገር ግን በሙቀት አገር በውኃ ውስጥ ያደረ ጥራጥሬ ሊኮመጥጥ ስለሚችል፥ ውኃውን በመካከል መለወጥ፥ ማቀዝቀዣ ያለውም በዚያ ውስጥ ማሳደር ይሻላል። ቀይ ቦሎቄ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ጥሬው ሆድ የሚያውክ መርዝ ስላለው፥ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ሳይፈላ በዝግታ ብቻ መቀቀል የለበትም።

፫ኛ/ ሊጥ በቆላ

ከደጋ የመጣች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት የምታዝነው በሊጡ ነው። በአገሯ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ በጅቡቲ በጋ በአንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣልና። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ሙቀት ሲበዛለት ሥራውን ያፋጥናል። መድኃኒቱም ቀላል ነው። እርሾው በአገር ቤት ከሚገባው በግማሽ ይቀነስ፤ ሊጡ ፀሐይ ከገባች በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይቦካ፤ ዕቃው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኝበት ይቀመጥ፤ ለሳምንት ሳይሆን ለአንድና ለሁለት ቀን የሚበቃው ብቻ ይቦካ። ላዩ ያቀረረው ውኃ ተደፍቶ፥ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ አብሲት ሲገባበት እንጀራው ዓይናም ይሆናል።

ጤፍ ከአገሩ ርቆ ሲሄድ ዋጋው ስለሚወደድ፥ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር ደባልቆ መጋገር ነውር የለበትም። ጤፍ በብረት ማዕድን የታወቀ ነው፤ ሊጡ መቡካቱም ማዕድኑን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ አካል በቀላሉ ያገኘዋል። የጎረቤት ለሆህም የእንጀራ ዘመድ ነው፤ ሊጡ ቀጠን ብሎ ቦክቶ በአንድ ወገን ብቻ ይጋገራል። ጠዋት ለሆህን ከስኳርና ከዘይት ጋር ብቻ ከመብላት ይልቅ ከእንቁላል፥ ከፉል ወይም ከእርጎ ጋር መብላት ልጁን እስከ ቀትር ያቆየዋል።

፬ኛ/ በደጃፍ ያለው ባሕር

ከደጋ የመጣ ሰው ዓሣን የጾም ወራት ወይም የሐይቅ ዳር ምግብ አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ባሕር በደጃፉ ሳለ ገንዘቡን ሁሉ ለበግና ለፍየል ሥጋ ያወጣል። ዓሣ ግን ጥሩ ፕሮቲን፥ አዮዲንና ለልብ የሚጠቅም ቅባት ያለው ምግብ ነው። ችግሩ በመግዛትና በማቆየት ላይ ነው። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ያልጐደጐደ፥ መተንፈሻ ስንጥቡ ቀይ፥ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ ነው፤ ሽታውም የባሕር ሽታ ነው። ዓይኑ የደፈረሰውን፥ ስንጥቡ የጠቈረውን፥ በፀሐይ ላይ ያለ በረዶ ተዘርግቶ የዋለውን ርካሽ ነው ብሎ መግዛት አይገባም።

በተለይ ቱናና እርሱን የመሰሉት ዓሦች ከባሕር ከወጡ በኋላ በበረዶ ካልተያዙ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይበዛል። ይህን የበላ ሰው ፊቱ ይቀላል፥ ራሱን ያመዋል፥ ሰውነቱን ያሳክከዋል፥ ያስመልሰዋልም። ይህ መርዝ በመጥበስም በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣ በጠዋት ተገዝቶ፥ በበረዶ ተይዞ ቤት ደርሶ፥ በዚያው ቀን መበላት አለበት።

በጅቡቲ የታወቀው የየመን ዓሣ ከጀርባው ተሰንጥቆ፥ ቅመም ተቀብቶ፥ በጋለ የሸክላ ምድጃ የሚጠበስ ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ተጠርጎና ተሰንጥቆ፥ ከሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ከአንድ ሎሚ ጭማቂ፥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፥ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት የተሠራው ቅመም ይቀባል። 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ሥፍራ ከቆየ በኋላ በጋለ ምድጃ፥ ወይም ክዳን ባለው ምጣድ ላይ፥ ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ድረስ ይበስላል። ከትኩስ ቂጣና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ሲቀርብ የአርብ እንግዳን የሚያስደስት፥ በዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ከሚጠበሰውም የቀለለ ማዕድ ነው። በጾም ቀን ዓሣ የማይበላ ሰው ደግሞ ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራው የሽምብራ ዓሣ አለለት።

፭ኛ/ አትክልት፥ ሎሚና ሻይ

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። አትክልት በሚወደድበት ከተማ ይህ የባለጠጋ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዱባ፥ ካሮት፥ ጎመን፥ ሙዝና ሎሚ በጥቂቱም ቢሆን በየቀኑ ቢገቡ ብዙ ይጠቅማሉ። ካሮት፥ ዱባና አረንጓዴ ቅጠል ለዓይን የሚጠቅመውን ቪታሚን ኤ የሚሰጡ ስለ ሆኑ፥ አካል እንዲቀበላቸው በጥቂት ዘይት ይሠሩ።

በሽሮና በምስር ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሎሚና ቲማቲም ያቀሉታል፤ ሻይና ቡና ግን ያግዱታል። ስለዚህ ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቅ፤ ቪታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋልና። ሻዩ ደግሞ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ደም ለሚያንሳት ነፍሰ ጡር ሴት ይህ ገንዘብ የማይወጣበት ሕክምና ረዳት ነው፤ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ግን አይተካም።

መሬት የሌለው ሰው እንኳ በደጃፉ ጥቂት ሊተክል ይችላል። ታችዋ የተበሳች የዘይት ቆርቆሮ፥ ግማሽ አፈርና ግማሽ የበሰበሰ ፍግ ተሞልቶባት፥ በሶብላ፥ ሚጥሚጣ ወይም ጎመን ታበቅላለች። ቀትር ላይ ጥላ ይደረግላት፤ አትክልትና ሩዝ የታጠበበት፥ ሳሙና ያልነካው ውኃ ማለዳና ማታ ይፍሰስላት። ግቢ ያለው ደግሞ በኮንሶ ሕዝብ ዘንድ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላውን ሽፈራውን ቢተክል፥ ዛፉ ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል ጥላም ወጥም ያገኛል።

፮ኛ/ ጨው፥ ስኳርና የቤቱ ገንዘብ

የአሳል ሐይቅ ጨው ከጥንት ጀምሮ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ሲጋዝ የኖረ ነው። ነገር ግን ጨው ሁሉ በተፈጥሮው በቂ አዮዲን የለውም፤ እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በደንብ ተወስኗል። ሸማች በማሸጊያው ላይ አንብቦ ይግዛ፤ ጨዉንም ከድኖ በጥላ ያስቀምጥ። መጠኑ ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፥ ይኸውም ከአንድ ልክ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የጤና ድርጅቱ ይመክራል፤ ጨው የበዛበት ሰው የደም ግፊት ይነሣበታልና።

ስኳርም እንደዚሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ደግሞ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ፥ ይኸውም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይይዛል። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ቢጨምር 60 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው፤ ለአዋቂ ሰው ግን ከ50 ግራም በታች፥ ቢቻልም 25 ግራም ያህል ብቻ ይመከራል። ሦስቱን ማንኪያ በአንድ ቀን ወደ አንድ ማውረድ ያስቸግራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ የሚቀንስ ሰው ግን ምላሱ ሳያውቀው ይለምዳል።

ከቀትር በኋላ ጫት በሚቀርብበት ቤትም ሁለት ነገር ልብ ይባል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚያጠፋ ምሳ አስቀድሞ ይበላ፤ ጥማቱም በለስላሳና በስኳር ሻይ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ይቁረጥ። ከሁሉ በፊት ግን የልጆች ወተትና የእህል ገንዘብ ከጫቱ ገንዘብ ቀድሞ ይለይ። ብዙ ቤት የሚራበው ገቢ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ ወጪው ተራውን ስለ ሳተ ነው።

፯ኛ/ የሕፃን ምግብ

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ በሙቀት አገርም ቢሆን ጡቱ በቂ ውኃ አለው። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመርለታል። በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ፋፋ የተባለውን ምግብ ያዘጋጀው፥ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ ነበር። ይኸው መሠረት በቤትም ይሠራል።

ሦስት እጅ ማሽላ ወይም ስንዴ፥ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር ተለቅሞ፥ ታምሶና ተፈጭቶ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። በየጊዜው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እየተማሰለ በደንብ ይበስላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፥ ከተገኘም የተፈጨ እንቁላል ወይም አጥንቱ የተለቀመለት ዓሣ ይጨመርበታል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ቀጭን አጥሚት በውኃ ሞልቶት ሳይጠግብ ያስተኛዋል። ስኳርና ጨው አያስፈልገውም። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥ፤ ለእርሱ አደገኛ የሆነ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላልና። ብስኩት በጣፋጭ ሻይ እየነከሩ ማብላትም ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳድገውም።

ሕፃኑ ተቅማጥ የያዘው እንደ ሆነ ጡቱና ምግቡ አይከልከል። ከጤና ጣቢያ የሚገኘው የተዘጋጀ ንጥረ ቅመም ይሰጠው፤ እርሱ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥንቃቄ ተሰፍሮ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ዓይኑ የጐደጐደ፥ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የታየበት ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

፰ኛ/ የተሠራውን ስለ መጠበቅ

የበሰለ ምግብ በቤት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የጅቡቲ በጋ ከዚህ በላይ ስለ ሆነ፥ የምሳው ትርፍ በድስት ተከድኖ ምድጃ ላይ አይዋል። ማቀዝቀዣ ያለው ምግቡን በዝርግ ዕቃ ከፍሎ ቶሎ ያቀዝቅዝ፤ ሊበላ ሲል እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ያሙቀው። ማቀዝቀዣ የሌለው ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ያብስል። በተለይ ሩዝ ከበሰለ በኋላ በሙቀት ሲቆይ፥ እንደገና ቢሞቅም የማይጠፋ መርዝ ሊያበቅል ይችላል።

ጥሬ ሥጋና ዓሣ የተቈረጠበት ቢላዋና ሰሌዳ ሳይታጠብ ሰላጣ አይቈረጥበት። የመጠጥ ውኃ ንጽሕናው ካልታወቀ ይፍላ፤ ከፈላም በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በእጅ የተያዘ ኩባያም አይነከርበት። እጅ ከማብሰል በፊት፥ ሕፃን ከማጉረስ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ በሳሙና ይታጠብ።

፱ኛ/ አልፎ አልፎ የሚቀርብ ጣፋጭ

ጣፋጭ ፈጽሞ ይቅር ማለት የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው። በሠርግና በዒድ ሐልዋ፥ በረመዳን ማታ ሳምቡሳና ቴምር፥ በገናና በፋሲካ ድፎ ዳቦ ባይኖር በዓሉ በዓል አይመስልም። ጣፋጭ የሚጐዳው የየቀን ምግብ ሲሆን ነው፤ በቀኑ ሲመጣ ግን ደስታ ነው።

የቴምርና የሰሊጥ ጣፋጭ እሳት ብዙ አይፈልግም። 250 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር ይወቀጣል፤ 100 ግራም የታመሰ ለውዝ ደቆ ይቀላቀልበታል፤ በእጅ እየተድቦለቦለ በታመሰ ሰሊጥ ላይ ይንከባለላል። ከዚህ ወደ 20 የሚጠጉ ትንንሽ ድብልብሎች ይወጣሉ፤ ለአንድ ልጅ ሁለቱ ይበቁታል። ስኳር አልገባበትም፤ ቴምሩ ራሱ ጣፋጭ ስለ ሆነ ግን ልክ ያስፈልገዋል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ለውዙ እንዳያንቀው ፈጽሞ ይድቀቅ።

ሳምቡሳም በምስር ሊሠራ ይችላል። የተቀቀለና ውኃው የጠፈፈ ድፍን ምስር ከተከተፈ ሽንኩርት፥ ከቃሪያና ከድንብላል ጋር ታሽቶ በስስ ሊጥ ይጠቀለላል፤ በዘይት ከመዘፈቅ ይልቅ ላዩን ዘይት ቀብቶ በምድጃ መጋገር ይሻላል። የሚጠበስ ከሆነም ዘይቱ ጠቍሮና ጤሶ ደጋግሞ እንዳያገለግል መጠንቀቅ ይገባል። ለልጆች የየቀን መክሰስ ግን ቆሎና ፈንዲሻ ከማንኛውም የተሸገ ብስኩት ይሻላሉ።

የአንድ ቀን ማዕድ

እንግዲህ በካርቲየ 4 የሚኖሩ ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው እንበል፤ ትንሹም የሰባት ወር ሕፃን ነው። ጠዋት ለሆህ ከፉልና ከአንድ ሙዝ ጋር ይበላሉ፤ ሻዩ አንድ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ለምሳ እናቲቱ በጠዋት የገዛችውን ዓሣ ጠብሳ ከሩዝና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ታቀርባለች፤ ከዓሣው ጥቂት ለይታ አጥንቱን ለቅማ ለሕፃኑ ገንፎ ትጨምራለች። ማታ ቀኑ ሲበርድ አዲስ የምስር ወጥ በዱባ ሠርታ በእንጀራ ታቀርባለች፤ የዓሣው ትርፍ ስለሌለ የሚጣልም የሚያሳምምም የለም። የቴምሩ ጣፋጭ ለአርብ ተቀምጧል። በዚህ ማዕድ ላይ ውድ ነገር አንድም የለም፤ ያለው ዕቅድና ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ የሴቲቱ ሸክም ብቻ እንዳይሆን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከገበያ በረዶ የያዘ ዓሣ ፈጥኖ የሚያመጣ ባል፥ ውኃ የሚቀዳ ልጅ፥ ትርፍ የሽፈራው ቅጠል ለጎረቤት የምታካፍል ሴት፥ ሁሉም በማዕዱ ድርሻ አላቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በምግባቸው ጉዳይ የተባበሩ እንደ ሆነ ሙቀቱም የገበያውም ዋጋ አያሸንፋቸውም። ያን ጊዜ እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ማለት በሙሉ ልብ የሚነገር ግብዣ ይሆናል።